የእትዬ ዘሀራን ቤት ለሁለት የቆረጥንበት የባትሪ መጋዝ

በዚህ ሥራ የመጀመሪያ ቀኔን ቤት ሳላፈርስ፣ ምስማር ሳቃና ዋልሁ።

ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ወደ አምባሰል በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የጽድ ቤት ይነሣ ነበር። አለቃዬ አያ ይማም ነበሩ፤ ቤት በማውረድ የታወቁ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው። ድጅኖ ይሰጡኛል ብዬ እጄን ዘረጋሁ። የሰጡኝ ጉጠት፣ ትንሽ መዶሻ፣ አንድ ጠፍጣፋ ብረትና ባዶ የዘይት ጣሳ ነው።

«ከወራጁ የሚወጣውን ምስማር እያቃናህ እዚህ ሙላ» አሉኝ።

«ማፍረሱን መቼ ነው የምንጀምረው?»

«ማን አፍርስ አለህ? ሰውየው ቤቱን ወደ ልጁ መሬት ሊያዛውረው ነው እንጂ ሊቀብረው አይደለም።»

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ምስማር አቃናሁ። አውራ ጣቴን ሁለት ጊዜ መታሁት። ሥራ ስንፈታ ጣሳውን አንሥተው ነቀነቁና «አንዳንዱ ገና እንደ በሬ ቀንድ ነው» አሉ። ይህ ከእሳቸው አፍ የሚወጣ ትልቁ ምስጋና መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

አያ ይማም ዘንድ ደረጃ ነበረ። ምስማር አቃኚ ታች ነው። ቀጥሎ ቆርቆሮ ተቀባይ፣ ከዚያ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ወራጅ ፈቺ ይመጣል። ድጅኖ የሚሰጠው መጨረሻ ነው፤ እኔ በሦስተኛው ዓመት አገኘሁት። ለምን እንዲህ እንደሚያዘገዩት ስጠይቃቸው «ድጅኖ የያዘ ይቸኩላል፤ የቸኮለ ይሰነጥቃል» አሉ። አምባሰል ውስጥ ሰው የአያቱን የጽድ ቋሚ ነቅሎ የራሱን ቤት ይሠራበታል፤ ልጁም በተራው ነቅሎ ሌላ ቦታ ይተክለዋል። ከባለቤቶቹ ይልቅ ብዙ አገር ያየ እንጨት አውቃለሁ። እሱን መሰንጠቅ ማለት ገና ያልተወለደ ሰው ቤት ላይ መድረስ ነው።

ይህን የምጽፈው ከሥራ ባልደረቦቼ መካከል በዕድሜ ያነሱት «የባትሪ መጋዝ ልንገዛ ነው፤ የቱን እንግዛ?» ብለው ስለሚጠይቁኝ ነው። ስለ መሣሪያ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኞቹ መሣሪያውን የሚሸጡ ናቸው። የቀሩት ገዝተው የተጸጸቱና ብቻቸውን መጸጸት ያልፈለጉ ናቸው። እኔ ከኋለኞቹ ነኝ።

ከባትሪ መጋዙ በፊት የነበረን ግራይንደር ነው። ለብረት በር ጥሩ ነው። ለጭቃ ቤት ግን ጠላት ነው፤ ግድግዳው ውስጥ ጭድ አለ፣ ግራይንደር ደግሞ እሳት ይረጫል። አንድ ጊዜ ከግሸን በታች የአንድ ቄስ ቤት ስናወርድ የዛገ ምስማር በግራይንደር ቆረጥሁ። ምሳ በልተን ስንመለስ ግድግዳው በዝግታ ይጨሳል። ውሃ ደፍተን አጠፋነው። ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲያዩን ቆዩና «ልጄ፣ ቤቱን አውርድ ነው ያልሁህ እንጂ ዕጠን አላልሁህም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በጭቃ ቤት ላይ ግራይንደር አላስነሣሁም።

ሌላው ጣጣ ኤሌክትሪክ ነው። የሚፈርስ ቤት መጀመሪያ የሚቆረጥበት መብራቱ ነው። ከጎረቤት ገመድ ስበህ ስትሠራ መብራት ይጠፋል። ጄኔሬተር ስታስነሣ ከጣሪያ ላይ ያለው ሰው «ያዝ» ሲልህ «ልቀቅ» ያለህ ይመስልሃል። በዚህ ምክንያት ቆርቆሮ እግሬ ላይ ወርዶ ያውቃል።

የባትሪ መጋዙን ወሬ ያመጣው ሰይድ ነው። ሰይድ እኩያዬ ነው፤ ሳውዲ ሄዶ ዓመታት ቤት ሲያፈርስ ኖሮ ተመለሰና ከእኔ ጋር መሥራት ጀመረ። እዚያ ስለነበረው መሣሪያ ሲያወራ ሌላ ሰው ስለ ሠርጉ እንደሚያወራ ነው።

«አንድ ክንድ የሚያህል ነው። ከፊቱ ምላጭ ይወጣል፤ ወደፊት ወደኋላ፣ ወደፊት ወደኋላ ይመላለሳል። እንጨት ብትል እንጨት፣ ምስማር ብትል ምስማር። እሳት የለ፣ ገመድ የለ! በእንጨትና በእንጨት መካከል አስገብተህ ምስማሩን ብቻ ትበጥሰዋለህ።»

«እንጨቱ ሳይሰነጠቅ?»

«ሊቁ፣ ወላሂ እልሃለሁ!» መጽሐፍ ስለማነብብ ሊቁ ይለኛል፤ ሙገሳ አይደለም።

ምስማሩን ብቻ መበጠሱ ልቤን ወሰደው። አያ ይማም ቢሰሙት ድጅኖውን ራሳቸው ይጥሉት ነበር ብዬ አሰብሁ። ሆኖም ሁለት ዓመት አልገዛንም። እንድንገዛ ያስገደደን የእትዬ ዘሀራ ቤት ነው።

እትዬ ዘሀራ ሐይቅ ውስጥ፣ በዋናው መንገድ ዳር ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች። ቤቷ ሁለት ክፍል ነው። የፊቱ ዓሣ ቤት ነው፤ የኋላው መኖሪያ። መንገዱ ሊሰፋ ተለካና ቀዩ ቀለም በሁለቱ ክፍሎች መካከል፣ ከጓዳው በር አንድ ክንድ ቀደም ብሎ ዐረፈ። የፊቱ ይነሣል፤ የኋላው ይቀራል።

ከከተማው ፕላን ቢሮ የመጣው ባለሙያ ወጣት ነው፤ ትሑትም ነው። እኔ ባለሁበት ቁጭ ብሎ አስረዳት።

«እትዬ፣ ከመስመሩ ወዲያ ያለውን ማንም አይነካብሽም። ቆሞ ከተገኘ ትኖሪበታለሽ። ከወደቀ ግን በዚህ መንገድ ዳር እንደገና በጭቃ መሥራት አይፈቀድም። በብሎኬት ብቻ ነው።»

«በብሎኬት መሥራት የምችል ብሆን» አለችው፣ «ጢስ ለጢስ ስንገላታ ታገኘኝ ነበር?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። ሰኞ ጠዋት ሎደር እንደሚመጣና እስከዚያ ራሷ ብታነሣው እንደሚሻል ነገራት። ይህ ምክር የልብ ነበረ። ሎደሩ የፊቱን ክፍል ከሳበው የኋላው አብሮ ይመጣል፤ ምክንያቱም ማገሮቹ፣ ማለትም በግድግዳው ውስጥ አግድም የሚሄዱት እንጨቶች፣ ከፊት እስከ ኋላ ሳይቋረጡ ያልፋሉ። ቤቱ ባንድ ዘንግ እንደ ተወጋ ነው። እና ቀኑ ማክሰኞ ነበረ።

ሌላም ነገር ነበረ። በኋላው ክፍል ባሏ ጋሽ አሊ ተኝቷል። የደሴ ወልዲያን መንገድ በጭነት መኪና የጨረሰ ሾፌር ነው። መንገዱ አንድም ጊዜ አልጣለውም፤ የጣለው የገዛ ቤቱ ደረጃ ነው። ዳሌው ተሰብሮ እንዳይነቃነቅ በጥብቅ ታዝዟል። ጎረቤቶች በቃሬዛ ወስደው ሊያስተኙት ለመኑት።

«ከአልጋ ስታነሡኝ ነው የምሞተው» አለ። «ቤቱ ከወደቀ ደግሞ መኖሪያ የለኝም። ስለዚህ እዚሁ ሆኜ ቤቱን እጠብቃለሁ።»

በእኛ ሥራ ደንብ ሰው የተኛበት ቤት አይነካም። ይህን ነገርሁት።

«አንተ ሞላ፣ እኔ ሰው እንደ ጫንሁ ጎማ ቀይሬ አውቃለሁ» አለኝ። «ሙያህን ካወቅህ ሥራ። ካላወቅህ ውጣና ሎደሩን ልጠብቅ።»

ልክ አልነበረም። ዛሬም ልክ ነበረ አልልም። ሐኪሙ ሲጠየቅም «ባይነሣ ይሻላል» ስላለ፣ ከአልጋው በላይ በወፍራም ባህር ዛፍ ጠንካራ ዳስ ልንሠራለት ተስማማን።

ረቡዕ ሰይድና እኔ ደሴ ወረድን።

እኛ አገር ዕቃ የሚገዛው በግ እንደሚገዛው ነው። ወገቡን እንጨብጣለን፤ ላቱን ከፍ አድርገን እንመዝናለን፤ ከከበደን ደስ ይለናል። ቀላል ዕቃ ሲያዩ «ይሄ ባዶ ነው» የማይል ሰው ወሎ ውስጥ አላውቅም። ባለሱቁ ሁለት የባትሪ መጋዞች ከፊታችን አስቀመጠ። አንዱ ግዙፍ ነው። ሌላው በአንድ እጅ የሚያዝ፣ አጭር።

ሰይድ ግዙፉን አነሣና ዓይኑ በራ። «ይሄ ነው! ጉልበት ማለት ይሄ ነው!»

«ትንሹስ?» አልሁ።

«እሱ የቧንቧ ሠራተኛ ዕቃ ነው» አለ ባለሱቁ። «መጫወቻ በለው። ትልቁ ሃያ አንድ ቮልት ነው፤ ትንሹ አሥራ ስምንት።»

የባትሪዎቹን ጀርባ አየሁ። የሁለቱም የውስጥ ቁጥር አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ሽፋኑ ላይ ነው። ቴስተር አስመጣሁና ቮልታቸውን ለካን። እኩል። ባለሱቁ «እንግዲህ ፋብሪካው ያለውን ነው የምለው» ብሎ ሳቀ፤ አልቀየምሁትም። ባትሪው እኩል ከሆነና ለሁለቱም ማሽን ከገጠመ፣ ምን እንደምመርጥ በዚያች ደቂቃ ማሰብ ነበረብኝ።

አላሰብሁም። በባሕርዬ ሰይድ ግራ ሲል ቀኝ የምል ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ግዙፉን እኔም በእጄ መዘንሁት፤ ከበደኝ፤ ደስ አለኝ። ረጅም፣ ጥርሰ ትልልቅ የእንጨት ምላጭም ጨመርን፤ ቤቱ የእንጨት ነዋ! በሕይወቴ ከሰው ጋር ተስማምቼ የተጠቀምሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ሐሙስ ጠዋት የጋሽ አሊን ዳስ ሠራን። በአልጋው አራት ማዕዘን ባላ ተከልን፤ በላዩ እንጨት ረበረብን። ጋሽ አሊ ከሥሩ ሆኖ ያየናል።

«ሸራ አልብሱኝና ወልዲያ አራግፉኝ እንግዲህ» አለ።

ከዚያ ሰይድ መጋዙን ቀዩ መስመር ላይ አስጠግቶ ቃታውን ሳበው። ማሽኑ ጮኸ። ምላጩ በምርጉ ውስጥ ገብቶ የመጀመሪያውን ማገር ሲያገኝ ነከሰውና እየዘለለ ማገሩን ወደፊት ወደኋላ ይስበው ጀመር። ያ ማገር ደግሞ፣ እንዳልሁት፣ እስከ ኋላው ክፍል ይሄዳል። ግድግዳው በሙሉ ተንዘፈዘፈ።

«ቁም!» ጋሽ አሊ ጮኸ። «ቁም አልሁህ! አፈር እያቃምከኝ ነው!»

ገብተን አየን። ከላይኛው ግድግዳ የእጅ መዳፍ የሚያህል ምርግ ወርዶ ዳሱ ላይ ተበትኗል፤ ፊቱ በትቢያ ነጭ ሆኗል። ሰይድ ደነገጠ።

«ጋሽ አሊ፣ አውፍ ይበሉኝ።»

«አውፍ ብያለሁ። ግን ያ ዕቃህ ማርሽ የለውም እንዴ? ዳገትም ቁልቁለትም ባንድ ማርሽ ነው የሚሄደው?»

ምላጩን አወጣን። ጥርሱ አልቆ እንደ ማንኪያ ጀርባ ልሷል። ግማሽ ማገር እንኳ አልቆረጥንም። ሰይድ ምላጩን አገላብጦ አየው። እሱ ሳውዲ ያፈረሰው ሁሉ ሊጣል የተፈረደበትን ነበር፤ ቢንቀጠቀጥ ማንም አይጠይቅም።

እትዬ ዘሀራ እጇ ዱቄት እንደ ሆነ መጥታ ምላጩን ከሰይድ ተቀበለችው።

«አሸዋ ነው የበላው» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ይህን ግድግዳ ማን የመረገው ይመስልሃል አያ ሞላ? የመጀመሪያው ምርግ የሐይቁ ዳር አፈር ነው፤ አሸዋው ብዙ ነው። ሁለተኛው ጭድ ነው። የላዩ አመድና እበት። በደረቁ ከመጣህበት መጥረቢያህንም ይበላዋል። በውሃ ከለመንከው ግን ራሱ ይወርዳል።»

ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ቤት አውርጃለሁ፤ ግድግዳውን ማን እንደ መረገው ጠይቄ አላውቅም። እንጨት የሚያቆመው ወንድ ነውና ቤቱን የሚያውቀው እሱ ይመስለናል። በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ ግድግዳውን በመዳፏ የምታውቅ ሴት ቆማ ስታየን ኖራለች፤ አንዳችንም አልጠየቅናትም።

«በመስመሩ ላይ ያለውን ብቻ ልታወርጂልን ትችያለሽ? አንድ ስንዝር ስፋት፤ ከላይ እስከ ታች። እንጨቱ ራቁቱን እንዲቀር» አልኋት።

«አንድ ስንዝር? ለእሱ ነገን ስጠኝ።»

እሷ ነገን ወሰደች፤ እኔ ያንኑ ከሰዓት ሚኒባስ ይዤ ደሴ ተመለስሁ። መጋዙ ሻንጣ ውስጥ ነው። ባለሱቁ ገና ሲያየኝ «የተሸጠ አይመለስም» አለ።

«ልመልስ አልመጣሁም። ትልቁን ውሰድና ትንሹን ስጠኝ።»

«ትልቅ መልሶ ትንሽ የሚወስድ ሰው ዛሬ አየሁ! ምን ሆነብህ?»

ነገርሁት። አሊ የሚባል ሾፌር ከግድግዳው ሥር ተኝቷል ስለው መልኩ ተለወጠ። «ትንሹን አሁን በደንብ አሳይሃለሁ» ብሎ ወንበር ሳበልኝ። ትናንት እንዲህ ያለ ነገር አላሳየኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ያን ቀን ስለ መጋዝ የተማርሁት ከዚያ በፊት ካነበብሁት ሁሉ ይበልጣል። ቃታው በጣት ግፊት ልክ ከዝግታ ወደ ፍጥነት ይሄዳል፤ ግዙፉ ግን የሚያውቀው መሮጥና መቆም ብቻ ነበር። ከምላጩ ሥር ያለችው የብረት ጫማ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቃ ካልተያዘች ማሽኑ ምላጩን ሳይሆን እንጨቱን ያመላልሳል። የጠዋቱ ጥፋት ግማሹ ይህ ነበረ፤ ያም የሰይድና የእኔ እንጂ የማሽኑ አልነበረም። ምላጩ ያለ ቁልፍ በእጅ ይቀየራል፤ መሰላል ላይ ሆነህ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባትሪውን ደግሞ ከአንድ ትልቅ ሁለት ትንንሽ አደረግሁት። አንዱ ሲሠራ ሌላው ቻርጅ ይሆናል፤ በተጨማሪም ከራስህ በላይ አንሥተህ ስትሠራ እያንዳንዷ ክብደት ትከሻህ ላይ ናት። ምላጩን አጭር፣ ጥርሱ ደቃቅ፣ ለብረት የተሠራ ወሰድሁ። ባለሱቁ «ለብረት ነው እኮ» አለኝ። እኔም ከማገሩ በፊት ምስማሩን እንደምቆርጥ ነገርሁት።

«ይሄ ምላጭ ሲያልቅ ከየት አገኛለሁ?»

«ከእኔ። ሌላው ሱቅ ያለውም ይገጥማል፤ እግሩ አንድ ዓይነት ነው» አለ። የሌላ ሰው ሱቅ የጠቆመኝ ነጋዴ በሕይወቴ እሱ ብቻ ነው።

ዐርብ ስደርስ እትዬ ዘሀራ መሰላል ላይ ናት። በጣሳ ውሃ ታፈስሳለች፤ ትጠብቃለች፤ በመዳፏ ትገፋለች። ምርጉ እንደ ርጥብ ሊጥ በዝግታ ይወርዳል። ሰይድ ጁምዓ ሰግዶ ሲመለስ ስንዝሩ አልቆ፣ ማገሮቹ እንደ ጎድን አጥንት ወጥተው ነበር። ከመስመሩ ወዲያ አዲስ የቋሚ ረድፍ ተከልን፤ የሚቀሩትን ማገሮችና ወራጆች በእሱ ላይ አሰርን። ቤቱ ከመቆረጡ በፊት አዲሱን ረድፍ እንዲደገፍ ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቆርቆሮውን አወረድን። ወራጆቹን በዝግታ ቆረጥናቸው። ከዚያ ወደ ግድግዳው መጣን። ጋሽ አሊ ሚስቱን ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስመጣና ከራስጌው ባለው የመስኮት ደፍ ላይ አስቀመጠ።

«እኔ እዚህ ሆኜ እነግራችኋለሁ» አለ። «ሰይድ፣ ስሚንቶ ጭኜ የሐራን ቁልቁለት ስወርድ ረዳቴ ያዝዘኝ እንደነበረው ነው የማዝዝህ። ገባህ?»

«ገባኝ ጋሽ አሊ።»

«እንግዲህ ና!»

ሰይድ የብረት ጫማዋን ከማገሩ ጋር አጣብቆ ቃታውን በጣቱ ነካ አደረገው። ምላጩ በማገሩና በቋሚው መካከል ገባ። ምስማሩን ሲያገኝ ድምፁ ቀጠነ።

«ና... ና... ና... ቀስ! ውሃው ተንቀሳቀሰ። ቀስ አልሁህ! አሁን ና... ና... በቃ!»

ምስማሩ ተበጠሰ። ማገሩ አልተሰነጠቀም። ሰይድ ማገሩን ራሱንም በመስመሩ ላይ በዚያው ዝግታ ቆረጠው፤ ላቡን በክንዱ ጠረገና ወደሚቀጥለው ወረደ።

እንዲህ አንድ በአንድ ሄድን። ውሃው ሲንቀሳቀስ ቆምን፤ ሲረጋ ቀጠልን። መንገድ የሚሄድ ሰው ቆሞ ይሰማል፤ ከውስጥ «ና! ና!» የሚል ድምፅ ይወጣል፤ የሚመጣ መኪና ግን የለም። አንድ ባጃጅ ነጂ «ጋሽ አሊ ተሻለው እንዴ? ሥራ ጀመረ?» ብሎ ጮኸ። ከውስጥ «ዕድሜ ልኬን ሾፌር ነበርሁ፤ ዛሬ ረዳት አደረጉኝ!» የሚል መልስ መጣ። ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። እትዬ ዘሀራ ግን አልሳቀችም፤ ከውጭ ግድግዳው ላይ መዳፏን አሳርፋ ቆማለች። እሷ ውሃ አላስፈለጋትም።

ሦስት ማገር ሲቀር ባትሪው አለቀ። ሁለተኛው ጎረቤት ቤት ቻርጀር ላይ ነበር፤ ሄጄ ሳየው ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። ሰይድ በባጃጅ ጄኔሬተር ያለው ቤት ፍለጋ ሊሄድ ተነሣ። ሰጌቶ የምንለው የእጅ የብረት መጋዝ ከዕቃ ሣጥኑ ውስጥ አወጣሁና ሦስቱን በእጄ ቆረጥኋቸው። እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ጋሽ አሊ በጣም ወደደው፤ «ይሄኛው ማሽን ጸጥ ያለ ነው» አለ። ከዚያ የፊቱን ግድግዳ ቋሚ በቋሚ አወረድን። ድጅኖ አልያዝንም።

ሰኞ ሎደሩ መጣ። ነጂው የሚስበው ቤት ሲያጣ መሬቱ ውስጥ የቀረውን የመሠረት ድንጋይ በባልዲው መታው። የኋላው ክፍል ተርገፈገፈ። አንድ ጥግ ላይ ከላይ እስከ ታች ስንጥቅ ወጣ። ሁላችን ቆመን ቀረን። እትዬ ዘሀራ «ያ ረቢ» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ነጂው አይቶን ማርሹን አወረደ፤ ድንጋዩን በዝግታ አንከባልሎ አወጣው፤ ከውስጥ ሾፌር ተኝቶ እንደሚሰማው የነገረው ሰው እንዳለ አላውቅም።

ባለሙያው መጣ። በሜትር ለካ፤ ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰ፤ አዲሶቹን ቋሚዎች አንድ በአንድ ገፋ ገፋ አደረገ። ከመዝገቡ ላይ ቀና ሳይል «ቆሟል» አለ።

«ምን አለ?» ከውስጥ ጋሽ አሊ ጠየቀ።

«ቆሟል ይላል» አለችው እትዬ ዘሀራ።

«እኔስ ምን እያልሁ ነበር?»

እሷ ጭቃ ልታቦካ ሄደች። አዲሱን ግድግዳ እኛ እንመርጋለን ስንላት በዓይኗ ከላይ እስከ ታች አየችንና «አብሽሩ፤ እናንተ በእንጨቱ አትታሙም» አለች።

የቱን መጋዝ እንግዛ ለምትሉኝ መልሴ ይህ ነው። ባትሪው ሁለት ይሁን፤ ትንንሽ። ቃታው ዝግታ ይወቅ። ምላጩ ሲያልቅ በቅርብ የሚገኝ ይሁን። የእጅ መጋዛችሁን አትጣሉ። ይህን ሁሉ ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ከምትቆርጡት ግድግዳ ወዲያ ማን እንደተኛ፣ ግድግዳውንም ማን እንደ መረገው ጠይቁ። ከዚያ ደሴ ውረዱ።